ሥሩ የያዘው ሩዝ፦ ቻይናታውን ኮምፕሌክስ፣ ሲንጋፖር

ለሥራ አምስት ቀን ሲንጋፖር ነበርኩ። የመጀመሪያው ማታ ሆቴሌ አጠገብ ካለ ቤት ገብቼ በሸክላ ድስት የሚቀርብ የዶሮ ሩዝ አዘዝኩ። ወዲያው መጣ። ድስቱ ይፋጃል፤ ሩዙ ግን ሌላ ቦታ በስሎ የተገለበጠበት መሆኑ ያስታውቃል፤ ሥሩ አልያዘም፣ የከሰል ሽታም የለውም። በማግስቱ ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት «እንግዲያው ገና አልበላህም» አለችኝና ሊያን ሄ ቤን ጂ ወደሚባለው ቤት ላከችኝ።

ቤቱ ያለው ቻይናታውን ኮምፕሌክስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከ200 በላይ ትንንሽ ምግብ ቤቶች አንድ ጣሪያ ሥር ተደርድረዋል። እነሱ ሆከር ሴንተር ይሉታል፤ ዩኔስኮም ይህን የአበላል ባህላቸውን እ.ኤ.አ. በ2020 በቅርስነት መዝግቦታል። ባዶ ወንበር አይታችሁ ጠረጴዛው ላይ የሶፍት ፓኬት ካለ አትቀመጡ፣ ተይዟል ማለት ነው።

አዝዤ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ ጠበቅኩ። አልቆጨኝም፣ ምክንያቱም ቆሜ ሲሠሩ አየሁ። ሩዙ ከጥሬው ጀምሮ እዚያው ድስት ውስጥ፣ ከሰል ላይ ነው የሚበስለው። ድስቶቹ እንዳይሰነጠቁ ዙሪያቸውን በሽቦ ታስረዋል፤ ሴትየዋ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ክዳን ከፍታ ታያለች፣ ድስቱን ትንሽ ታዞረዋለች፣ ፍሙን ታስተካክላለች፣ እንደገና ትከድናለች። ምንቸት እሳት ላይ ጥዶ ለጠበቀ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሸክላ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ቶሎም አይበርድም።

ሲመጣ ክዳኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴ ላይ መጣ። ከላይ ዶሮ፣ የሽንኩርት ቅጠልና ቁራጭ የጨው ዓሣ አለበት። ጥቁር ሶያ ሶስና ዘይት ራሳችሁ ጨምራችሁ ከሥር እስከ ላይ ታማስላላችሁ። ሶሱን በጥቂቱ ጀምሩ፣ ዓሣው ራሱ ጨዋማ ነው። ዶሮው ለስላሳ ነው፣ እስከ አጥንቱ ቅመም ገብቶታል። እኔን የያዘኝ ግን ድስቱ ሥር የቀረው ሩዝ ነው፤ ቡናማ ሆኖ ደርቋል ግን አላረረም፣ በማንኪያ ሲፋቅ ኮሽ ይላል፣ የዶሮው ስብና የከሰሉ ጭስ ያለው እሱ ላይ ነው። ልጅ ሆነን እናታችን ድስት ስታወጣ ሥሩን ለመፋቅ የምንሻማው ትዝ አለኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አብሮ የሚገባው ቀይ ቋሊማ የአሳማ ነው። እኔ ስለማልበላ ሳዝ ቀድሜ ተናገርኩ፣ ያለ እሱ ሠሩልኝ። ሐላል ብቻ ለሚበላ ግን ቤቱ አይሆንም፣ አሳማው እዚያው ወጥ ቤት ነው የሚሠራው።

ሂዱ ከተባለ፣ ሳትራቡ በጊዜ ሂዱና እዘዙ። ስትጨርሱ ትሪውን ራሳችሁ መልሱ፤ እዚያ አገር ጥሎ መሄድ ያስቀጣል።

በአምስተኛው ቀን፣ በረራዬ ሌሊት ስለነበር፣ ያችን ባልደረባዬን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ለሁለት የሚሆነውን ትልቁን ድስት አዘዝን። ዶሮውን በልተን ስንጨርስ ማንኪያዋን አነሳች፣ ሥሩን ዙሪያውን ፈቀፈቀችና ትልቁን ቁራጭ ወደ እኔ ሳህን አደረገችው።