የአያቴ ቤልጅግ፦ ከ14 ወር በኋላ

ጠመንጃው በስሜ የተመዘገበው ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ የወራሽነት ወረቀቱን ይዤ ስመላለስ ወራት ፈጅቶብኛል፤ ግን የጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ ያለ ፈቃድ መያዝን ስለሚከለክል አቋራጭ አልፈለግኩም። ከእነ 23 ጥይቱ ተመዝግቦ ሰንዳፋ አጠገብ ካለው ቤታችን ገባ። ሁለት ክረምት አብረን አሳልፈናል።

ቤልጅግ ነው። የቤልጅየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ በማውዘር ንድፍ የሠራው፣ 7.92 ሚሊ ሜትር፣ አምስት ጥይት የሚጎርስ ምንሽር። ከላዩ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾበታል። ንጉሠ ነገሥቱ ክቡር ዘበኛን እንዲያሠለጥኑ የቤልጅግ መኮንኖችን ካስመጡ ወዲህ፣ ጣሊያን እስኪወረን ድረስ ከዚያ አገር ብዙ ጠመንጃ ገብቷል፤ አያቴ ማይጨው ይዘውት የዘመቱትም ይህንኑ ነው። በአርበኝነቱ ዘመን ያስቸገራቸው ጥይቱ እንደነበር አባቴ ይነግረኝ ነበር። ከጣሊያን ወታደር የሚማረከው ባለ 6.5 ስለሆነ ለዚህ አይሆንም። እናም የቤልጅጉ ጥይት ሲሳሳባቸው ጠመንጃውን ሞራ ቀብተው፣ በቁርበት ጠቅልለው ቀበሩት፤ በተማረከ መሣሪያ ተዋጉ። ሰደፉ ላይ ያለው ጥቁር ጠባሳ ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው። እንዲፋቅ አልፈቀድኩም።

ከመተኮሴ በፊት መሣሪያ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ሰውየው መጀመሪያ ያየው ቁጥሩን ነው፤ መቀርቀሪያው ላይ ያለው ቁጥርና አካሉ ላይ ያለው አንድ ናቸው። የሌላ ጠመንጃ መቀርቀሪያ ተገጥሞበት ቢሆን ኖሮ ጥይቱ ልክ ቦታው ላይ ላይቀመጥ፣ ቀለሁም ሲተኮስ ሊቀደድ ይችላል። እንዲህ ያለ ጠመንጃ የወረሳችሁ ሁሉ ይህን ሳታሳዩ አንዲት ጥይት እንዳታጎርሱ።

እስካሁን ሁለት ጊዜ ተኩሼበታለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ የአካባቢው ሚሊሻ ዒላማ በሚለማመድበት ገደል ሥር፣ ተፈቅዶልኝ። መጀመሪያ ጳጉሜን ላይ አምስት ጥይት፣ በ100 ሜትር። አምስቱም ከዒላማው መሐል ግማሽ ስንዝር ያህል ከፍ ብለው፣ ግን መዳፍ በማይሞላ ቦታ ተጠጋግተው አረፉ። ማነጣጠሪያው ከ200 ሜትር ጀምሮ እስከ 2000 የተቆጠረ ስለሆነ በቅርብ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፤ ዝቅ አድርጎ ማለም ይበቃል። በዚህ ዕድሜው እንዲህ ይሰበስባል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ይረግጣል፤ ሰደፉ ጫፍ ላይ ብረት ስላለ ትከሻዬ ሦስት ቀን አሞኛል። ክላሽ ለለመደ ሰው እያንዳንዱን ጥይት መቀርቀሪያ ስቦ፣ ቀለህ አስወጥቶ ማጉረሱ ዝግ ያለ ነው። እኔ ግን ይህንኑ ወድጄዋለሁ። ቀለሁን የሚይዘው ጥፍር ከጠንካራ ብረት የተሠራ ነው፤ አንድም ጊዜ አልለቀቀም።

ትልቁን ስሕተት የሠራሁት ያን ቀን ማታ ነው። አፈሙዙን በዘይት ጨርቅ ወልውዬ፣ እንደ አባቴ ልማድ በቆዳ ማኅደሩ ከትቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ለመስቀል አውጥቼ ሳየው የአፈሙዙ ውስጥ ቡናማ ሆኗል፤ ወደ ጭቃው ግድግዳ የዞረው ጎኑም ዝጓል። በጣም ደነገጥኩ። 90 ዓመት ግድም የቆየውን ነገር በሦስት ሳምንት ላጠፋው ነበር።

ያዳነኝ ጎረቤታችን ነው፤ በወታደርነት ያረጀ፣ ሁላችንም ሻምበል የምንለው ሰው። «በዘይት ብቻ ጠረግከው አይደል?» አለኝ። የድሮ ጥይት ሲተኮስ መቀጣጠያው አፈሙዙ ውስጥ ጨው ይተዋል። ጨው ደግሞ የክረምቱን እርጥበት ስቦ ብረት ይበላል፤ ዘይት አያሟሟውም፣ ውኃ ነው የሚያሟሟው። ስለዚህ በተኮሱበት ቀን የፈላ ውኃ በሳሙና በአፈሙዙ ማውረድ፣ ደረቅ ጨርቅ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ መወልወል፣ ቅባት ከዚያ በኋላ። ዝገቱን በቀጭን የብረት ሱፍና በዘይት ቀስ አድርገን አነሳነው፤ የአፈሙዙ ጠመዝማዛ መስመር ተርፏል፣ ሁለት ሦስት ትናንሽ ጉድጓዶች ግን ቀርተዋል። የቆዳውን ማኅደር ለብቻው ሰቀልኩት፤ እርጥበት ይይዛል። ጠመንጃው አሁን ቁልፍ ባለው ደረቅ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው፤ በዚህኛው ክረምት በየ15 ቀኑ እያወጣሁ አየሁት፣ ዝገት የለም። እንጨቱን በተልባ ዘይት ሁለቴ አሸሁት፤ መልኩ ተመለሰ።

ሁለተኛው ተኩስ ጥር ላይ ነበር፣ ሻምበል ከጎኔ ሆኖ፣ አሥር ጥይት። ሁለቱ ከሸፉ። የመጀመሪያዋ ስትከሽፍ እጄ ወደ መቀርቀሪያው ሲሄድ፣ «ልጄ፣ አትክፈተው! አፈሙዙን ከዒላማው አታንሳ፣ እስከ ሠላሳ ቁጠር» ብሎ ያዘኝ። አሮጌ ጥይት ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ቆጠርኩ፣ ከፈትኩ። መምቻው መቀጣጠያውን በደንብ አጉድጉዶታል፤ ያረጀው ጥይቱ እንጂ ጠመንጃው አይደለም። ስምንቱ የታሰበላቸው ቦታ ሄዱ፤ ማታውኑ ውኃ አፈላሁ።

ለቤት ጥበቃ ብሎ ለሚያስብ ሰው አልመክረውም፤ ረጅም ነው፣ ጥይቱም እንደ ክላሽ ጥይት በቀላሉ አይገኝም። ወርሶት ሊንከባከበው ለሚችል ሰው ግን አሳልፎ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ከ23ቱ ጥይት ስምንት ቀርቶኛል። ሦስቱን በመጪው ጥር እተኩሳለሁ። አምስቱን፣ አንድ ጉርሻ ማለት ነው፣ ልጄ ዕድሜው ደርሶ ፈቃዱ ሲዛወርለት እንዲተኩሳቸው በሰም ታሽገው ተቀምጠዋል።