በደሴ የልዩ ፍላጎት ክፍል የተግባር ልምምድ፦ አማካሪዎቹ ጎበዞች፣ የመመዘኛ ቅጹ ግን የሌላ ክፍል ነው

ይህ ግምገማ ደሴ ከተማ ውስጥ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልዩ ክፍል ለዕጩ መምህራን የሚሰጠውን የተግባር ልምምድ ይመለከታል። ምደባ ለምትጠብቁ ይጠቅማል።

ትልቁ ጥንካሬው አማካሪ መምህራኑ ናቸው። ዕጩውን እንደገባ ጠመኔ አያስይዙትም። አንድ ልጅ ይሰጡትና ልጁ ከመረበሹ በፊት ምን እንደነበረ፣ ምን እንዳደረገ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደተከተለ በሦስት ዓምድ እንዲመዘግብ ያዙታል። የግለሰብ ትምህርት ዕቅድ የሚወጣው ከዚህ መዝገብ ነው። «ቁጥር ያውቃል» ብሎ ግብ የጻፈ ይመለስበታል። «ከ10 ቆርኪ 5 ቆጥሮ ያቀብላል፤ ያለ እገዛ፣ ከ5 ሙከራ በ4ቱ» ያለ ያልፋል። ልክ ናቸው፤ የማይለካ ግብ ልጁ መሻሻሉን ለወላጅ እንኳ ማሳየት አያስችልም።

እጅ መታጠብ እዚህ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። በ8 ደረጃ ይከፈላል፦ እጅጌ መሰብሰብ፣ ቧንቧ መክፈት፣ እጅ ማርጠብ፣ ሳሙና መያዝ፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ቧንቧ መዝጋት፣ ማድረቅ። የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው። 7ቱን መምህሩ የልጁን እጅ ይዞ ያሠራዋል፣ ማድረቁን ለልጁ ይተውለታል። እሱ ሲለመድ ቧንቧ መዝጋቱ ይጨመራል። ልጁ በየቀኑ ሥራውን ራሱ ስለሚጨርስ ደስ ብሎት ይመለሳል። ብዙ ዕጩዎች የሚሳሳቱት ቶሎ እጃቸውን በማስገባት ነው። 5 ሰከንድ ያህል ካልታገሡ ልጁ የሚማረው መታጠብን ሳይሆን እጃቸውን መጠበቅን ነው። ሌላው ችግር ቤቱ ነው፦ ቤተሰቡ በጆግ እየቀዳ የሚያስታጥብ ከሆነ በቧንቧ የለመደው ልጅ እቤት ሲሄድ ግራ ይጋባል። ስለዚህ አስቀድሞ ወላጅ መጠየቅ፣ ሁለቱንም ማለማመድ ያስፈልጋል።

መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ደግሞ ብርሃን ወሳኝ ነው። ደሴ ጭጋግ ሲወርድ፣ መብራትም ከጠፋ፣ ክፍሉ ይጨልማል። መስኮቱን ከጀርባው አድርጎ የቆመ መምህር ፊቱም የምልክት ቋንቋውም በደንብ አይታይም። ፊትን ወደ መስኮቱ ማዞር፣ ወደ ሰሌዳ እየጻፉም አለመናገር ነው።

ድክመቱ ምዘናው ላይ ነው። ቅጹ ለመደበኛ ክፍል የተዘጋጀ ነው፤ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የቡድን ሥራ፣ የ40 ደቂቃ አከፋፈል ይቆጥራል። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ከአንድ ልጅ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ የሠራ ዕጩ፣ ሥራው ትክክል ሆኖ ሳለ ነጥብ ያጣል። ይህ በጣም ያሳዝናል፣ ኮሌጁም ሊያስተካክለው ይገባል። እስከዚያው ሊመዝናችሁ የሚመጣው ሱፐርቫይዘር ከመቀመጡ በፊት የልጁን ዕቅድና የየዕለት መዝገቡን ከትምህርት ዕቅዱ ጋር አያይዛችሁ ስጡ፤ የዕለቱ ግብ የትኛው ደረጃ እንደሆነ፣ ልጁ ትናንት የት እንደደረሰ ከላይ በሁለት መስመር ጻፉ።

መደበኛ ክፍል ገብቶ መሥራት በፕሮግራሙ አልተካተተም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 አካታች ትምህርትን፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር አብረው መማራቸውን፣ ይጠይቃል፤ ዕጩው ነገ የሚመደበውም ምናልባት 1 ማየት የተሳነው ተማሪ ያለበት ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው። ልምምዱ ሳይጀመር ርዕሰ መምህሩን ጠይቃችሁ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ መደበኛ ክፍል እንድትገቡ አስፈቅዱ።