የመኪናዬን ማሞቂያ ላስተካከለልኝ መካኒክ ምስጋና፣ ቆሞ ሲሰራ ቀዝቃዛ አየር ለሚነፋባችሁ ጥቆማ

የመኪናዬን ማሞቂያ ያስተካከለልኝን መካኒክ በአደባባይ ላመሰግነው ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ስሜ እንዲወጣ አልፈልግም ብሎኛል። ስልኩን ግን ለሚፈልግ ሰው በውስጥ መስመር እንድሰጥ ፈቅዶልኛል። ጽሁፉ ረዘም ይላል፣ ምክንያቱም «ጎበዝ ነው፣ ሂዱለት» ብቻ ብዬ ባልፍ ማንንም አይጠቅምም። የሰራውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ችግሩ ይሄ ነበር። መኪናው እየሄደ ሳለ ማሞቂያው ደህና ይሞቃል። መብራት ሲይዘኝ ወይም መንገዱ ተዘጋግቶ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ) ሲሰራ ግን የሚነፋው አየር ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ ሄዶ በመጨረሻ ከውጭው አየር ምንም የማይለይ ይሆናል። ነዳጅ ስሰጠው ደግሞ ወዲያው ይሞቃል። ከብርዱ በላይ ያስቸገረኝ የፊት መስታወቱ ነው፤ ገና እንደቆምኩ ጉም ይለብሳል። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማል።

ከእሱ በፊት ያየው ጋራዥ (ስሙ ይቆይ) ኮፈኑን በቅጡ ሳይከፍት «የማሞቂያው ራዲያተር ተደፍኗል፣ ዳሽቦርዱ ወርዶ ይቀየራል» አለኝ። ለማታውቁ፣ ማሞቂያው የራሱ ትንሽ ራዲያተር አለው። የሞተሩ ትኩስ ውሃ በውስጡ ያልፋል፣ ማራገቢያው በላዩ አየር ይነፋል፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ሙቀት ያ ነው። የተቀመጠው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ስለሆነ በብዙ መኪኖች እሱን ለማውጣት ዳሽቦርዱ እንዳለ መፈታት አለበት። ከባድ ስራ ነው። ዳሽቦርዱ አንዴ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ የማይንቀጫቀጭ መኪና ካገኛችሁ ደግሞ እስቲ አሳዩኝ።

የኔው ሰውዬ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ጥያቄ ነው የጀመረው። ነዳጅ ሲሰጠው ይሞቃል? የሙቀት ጌጁ ከመሃል ወጥቶ ያውቃል? ውሃ ትጨምሪበታለሽ? መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ነገር ይሸታል? የተሳፋሪው እግር ስር ምንጣፉ ይረጥባል? መጨረሻ ላይ ያሉትን ሁለቱን የጠየቀው ያው የማሞቂያው ራዲያተር እያፈሰሰ እንደሆነ ለማወቅ ነው። ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ፣ «ውሃው» የምለው እሱን ነው) ሲያፈስ ጣፋጭ ሽታ አለው፣ መስታወቱም ላይ ቅባት ያለው ጉም ይተዋል። የኔ መኪና ሁለቱም አልነበረባትም።

ከዚያ ሞተሩ በሚኒሞ እየሰራ ከሞቀ በኋላ ወደ ማሞቂያው የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ ነካ ነካ አደረጋቸው። አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ለብ ያለ። ነዳጅ ሰጥቶ ትንሽ ሲያቆየው ያ ለብ ያለውም ሞቀ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ አስረዳኝ፣ እኔም ለእናንተ ላስተላልፈው። ሁለቱም ቱቦ ትኩስ ሆኖ አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው እየመጣ ነው ማለት ነው፤ ጥፋቱ አየሩን ወደ ሙቁ ወይም ወደ ቀዝቃዛው የሚመራው መዝጊያ ላይ ይሆናል። ሞተሩ ራሱ በቅጡ አልሞቅ ካለና ጌጁ ከታች አልነሳ ካለ ደግሞ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው መዝጊያ) ተከፍቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ሞቆ ሌላው ካልሞቀ ግን ውሃው በደንብ እየዞረ አይደለም።

ለምን በሚኒሞ ብቻ? የውሃ ፓምፑን በብዙ መኪኖች የሚያዞረው ሞተሩ ራሱ ስለሆነ ነው። ሞተሩ ቀስ ሲል ፓምፑም ቀስ ይላል፣ ግፊቱም ይቀንሳል። ውሃው ጎድሎ አየር ከገባ ደግሞ አየሩ ከፍ ያለ ቦታ ፈልጎ ይቀመጣል፤ በብዙ መኪኖች ያ ቦታ የማሞቂያው ራዲያተር ነው። ደካማ ግፊት አየሩን ገፍቶ ማለፍ አይችልም። ነዳጅ ሲሰጠው ፓምፑ ጉልበት ያገኛል፣ ውሃው አየሩን ጥሶ ያልፋል፣ ሙቀት ይመጣል። የሚንቦጫረቀውም እሱ ነበር።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ትኩስ ራዲያተር (ትልቁ፣ የሞተሩ) አይከፈትም፣ ይሄን ለማንም ንገሩ፤ ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ስለተያዘ ሳይፈላ ከ100 ዲግሪ በላይም ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑ ሲላቀቅ ፈልቶ ይፈነዳል፣ ፊት ያቃጥላል። ሲቀዘቅዝ ከፈተው። ራዲያተሩ ጎድሏል። ጎን ያለው ትርፍ መያዣ ጠርሙስ ግን እስከ ምልክቱ ሙሉ ነው! አብዛኛው ሰው የሚያየው ጠርሙሱን ብቻ ስለሆነ ሁሉ ነገር ሙሉ ይመስለዋል።

ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ «በይ ደህና ዋይ» ቢለኝ ለጥቂት ጊዜ ይሰራ ነበር፣ እኔም አመስግኜው እሄድ ነበር። እሱ ግን «እህቴ፣ አየሩን ማስወጣት ቀላል ነው። በየት እንደገባ ካላወቅን ተመልሶ ይመጣል» አለኝ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው በዚች አንድ አነጋገር ምክንያት ነው።

በእጅ የሚነፋ የግፊት መለኪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠመና ወደ 1 ባር አድርሶ ተወው። መርፌው አልወረደም። ስለዚህ ቱቦው፣ ፓምፑና ራዲያተሩ አያፈሱም። ቀጥሎ የቴስታታ ጋስኬቱን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ፈተሸ፤ ጋስኬቱ ከተቃጠለ የሞተሩ ጭስ ወደ ውሃው ገብቶ አየር እየሆነ ያስቸግራል። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መመርመሪያ ራዲያተሩ አፍ ላይ አድርጎ ሞተሩን አሰራው። ጭስ ካለ ወደ ቢጫ ይቀየራል። ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። እኔ እዚህ ጋ ትንፋሼ ተመለሰ፣ የዚያ ጥገና ወሬው ራሱ ያስፈራል።

በመጨረሻ ክዳኑን አነሳ። ራሱን ክዳኑን በመለኪያው ሞከረው፤ ግፊት አይዝም። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ለካ ክዳኑ ሁለት ስራ አለው። ውሃው ሲሞቅና ሲያብጥ ግፊቱን እስከ ልኩ ይይዝና ትርፉን ወደ ጠርሙሱ ይለቃል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የወጣው ውሃ ከጠርሙሱ ተስቦ እንዲመለስ ያደርጋል። የኔ ክዳን ሲሞቅ ያስወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ግን በተሰነጠቀው ላስቲክ በኩል ከውጭ አየር ይስባል። ውሃው ጠርሙስ ውስጥ ቀረ፣ አየሩ ራዲያተር ውስጥ ገባ። ዳሽቦርድ ሊያስፈታ የነበረው ችግር ይሄ ነው፣ ክዳን!

አዲሱን ክዳን ሲመርጥም በመጠኑ ብቻ አልነበረም። ላዩ ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር አየ፣ ለመኪናዋ ከታዘዘው ጋር አመሳከረው። ኩላንቱንም በቀለሙ አልመረጠም፤ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ የመኪናዋ መመሪያ የሚለውን ዓይነት ነው ያደረገው፣ ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ። ባዶ ውሃ ይበቃኛል ለምትሉ፣ የቧንቧ ውሃ ዝገትና ደለል ያመጣል፣ እንዲህ የተቀላቀለው ግን ከዜሮ በታች ወደ 37 ዲግሪ ድረስ አይረጋም። መሬት ላይ የፈሰሰችውን ጠብታ እንኳን ጠረገ፤ ኩላንት መርዝ ነው፣ ውሻና ድመት ሊልሱት ይችላሉ።

አየሩን ሲያስወጣ የመኪናዋን አፍንጫ ከፍ አድርጎ፣ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰፊ የፈሳሽ መቅጃ (ፈነል) ገጥሞ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ሞተሩን አሰራ። ቴርሞስታቱ እስኪከፈት (በብዙ መኪኖች ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው) ጠበቀ፣ ቱቦዎቹን ጨመቅ ለቀቅ አደረጋቸው። አረፋው ለረጅም ጊዜ ሲወጣ ቆየ። አረፋው ካቆመ በኋላም አልለቀቀኝም፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ የውሃውን ልክ ደግሞ አይቶ ነው ያሰናበተኝ።

አሁን መብራት ላይ የፈለገውን ያህል ብቆም ይሞቃል። ድምጹም ጠፍቷል።

አየሩ ወጥቶም ባይሞቅ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር ብዬ ጠይቄው ነበር። ቀጣዮቹ ተጠርጣሪዎች የፓምፑ ክንፎች መበላትና የማሞቂያው ራዲያተር በከፊል መደፈን ናቸው አለኝ። ተደፍኖ ቢሆን እንኳን መጀመሪያ ቱቦዎቹን ነቅሎ በዝቅተኛ ግፊት ወደ ኋላ ማጠብ ይሞክራል እንጂ ዳሽቦርድ ለመፍታት አይቸኩልም። ራዲያተር ውስጥ የሚጨመሩትን የፍሳሽ መድፈኛ መድኃኒቶች ደግሞ አምርሮ ይጠላቸዋል፤ ቀዳዳውን ሲደፍኑ የማሞቂያውን ቀጫጭን ቱቦዎችም አብረው ይደፍናሉ ይላል። አንድ ማስጠንቀቂያም አለው፦ ማሞቂያው ድንገት ቀዝቅዞ ጌጁ ወደ ላይ መውጣት ከጀመረ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ውሃ አልቆ ሊሆን ይችላል።

ጉድለቱንም ልናገር። ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ እጁ ስራ ላይ ነው። ቶሎ ቶሎ የሚሰራ ሰው ከፈለጋችሁም እሱ አይሆናችሁም፤ ወረፋ አለ፣ አንዱን ሳይጨርስ ሌላ አይነካም። ሂሳብ ላይ ግን የሰራውን ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ አሮጌውን ክዳንም እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለዚህ ዓይነት ችግር ስትሄዱ መኪናውን አሳድራችሁበት ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ቢያየው ይመርጣል፣ ካልሆነም ቀዝቅዞ እስኪከፈት አብራችሁት ለመቀመጥ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።