ኮንትሮልና ኮማንድ፦ ማክ ላይ 8 ወር ዲዛይን ስሠራ ያየሁት

ማክቡክ ኤር ኤም 1 ከገዛሁ 8 ወር ሆነኝ። ያገለገለ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ትንሽ የዲዛይንና የህትመት ቤት አለኝ፤ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር፣ የምርቃት መጽሔት፣ የሱቅ ታፔላ እንሠራለን። ከዚያ በፊት 9 ዓመት ሙሉ ዊንዶውስ ብቻ ነው የነካሁት። ስለ ስክሪኑ አልጽፍም። ባትሪው መብራት ሲጠፋ ያስጨርሰኛል፣ እሱም ይበቃል። የምጽፈው ስለ ኪቦርዱ ነው፤ ከማክ ጋር ያጣላኝም ያስታረቀኝም እሱ ነውና።

ስገዛ የተሰጠኝ ምክር አንድ ነበር። «ኮንትሮል ባልክበት ኮማንድ በል፣ አልት ባልክበት ኦፕሽን በል፣ አለቀ።» አብዛኛው እውነት ነው። ኮፒ፣ ፔስት፣ ሴቭ፣ ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮል ቲ፣ ኮንትሮል ጄ፣ ፊደሉ አይለወጥም። ኢሉስትሬተርም እንደዚያው ነው። ችግሩ በቀረችው ትንሽ ነገር ነው፤ ሥራ የምታበላሸው እሷ ናት።

ትልቁ ጠብ በኪው ነበር። የህትመት ሥራ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኮርል በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ሥራ ሲያልቅ ኮንትሮል ኤ፣ ኮንትሮል ኪው። ጽሑፉ ሁሉ ከርቭ ይሆናል፣ ማለትም ፎንት የማይፈልግ ሥዕል። ይህን ካላደረግክ ፋይሉ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ሲደርስ የአማርኛው ፎንት እዚያ ከሌለ ፊደሉ ሳጥን በሳጥን ሆኖ ይወጣል፣ ስለዚህ እጄ ሳላዘው ነው የሚያደርገው። ማክ ላይ ግን ኮማንድ ኪው ማለት ፕሮግራሙን ዝጋ ማለት ነው። ኮርልም በል ፎቶሾፕ፣ ሁሉም ጋ ያው ነው። በሁለተኛው ሳምንት የ3 ሜትር ባነር ጨርሼ፣ ደንበኛው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ፣ ኮማንድ ኤ፣ ኮማንድ ኪው አልኩ። ሴቭ ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ሳላነብ አይሆንም የሚለውን ተጫንኩ። የ40 ደቂቃ ሥራ ሄደ። ደንበኛውን ይቅርታ ጠይቄ ማታ ድረስ ቁጭ ብዬ እንደገና ሠራሁት።

መፍትሔ አለው። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ፣ ከዚያ ኪቦርድ ሾርትከትስ፣ ከዚያ አፕ ሾርትከትስ ትገባለህ። የፈለግከውን የሜኑ ትእዛዝ በስሙ ጽፈህ አዲስ ቁልፍ ትሰጠዋለህ። ስሙ ሜኑው ላይ እንዳለው ልክ መሆን አለበት፤ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች አይሠራም። የኮርልን መዝጊያ ሦስት ጣት የሚጠይቅ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ፋይል አልጠፋብኝም።

ሌላዋ ኤች ናት። ፎቶሾፕ ላይ ኮንትሮል ኤች መስመሮቹን ይደብቃል። ማክ ላይ ኮማንድ ኤች ፕሮግራሙን ራሱን ይደብቃል። ቁልፎቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትነካ ፎቶሾፕ የትኛውን ላድርግ ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ በችኮላ የማክን መረጥኩ። ልጃቸውን የሚድሩ አንድ አባት የጥሪ ካርዱን ከኋላዬ ቆመው እያዩ ሳለ ጥርግ ብሎ ጠፋ። «ምነው ልጄ፣ ስማቸውም ጠፋ እንዴ?» አሉኝ። አልጠፋም፤ ከታች ምልክቱን ስትነካው ይመለሳል። የሰው ፊት ሲደነግጥ ማየት ግን ደስ አይልም። ፎቶሾፕ ውስጥ ኤዲት ሜኑ ላይ ኪቦርድ ሾርትከትስ የሚል አለ፣ እዚያ አስተካከልኩት።

የኤፍ ቁልፎችም አሉ። ሌየር ፓነል ለመክፈት ኤፍ 7 ስጫን መዝሙሩ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ኤፍኤን አብረህ መያዝ አለብህ፣ ወይ ከሴቲንግ ትቀይረዋለህ። ቀየርኩት። ዲሊት የተባለው ቁልፍ ደግሞ የዊንዶውሱ ባክስፔስ ነው፤ ስለዚህ ቀለም መሙያው አልት ባክስፔስ የነበረው ኦፕሽን ዲሊት ሆነ። ኮማንድና ስፔስ አንድ ላይ ስትይዝ ማጉያው ሳይሆን የማክ መፈለጊያ ይመጣብሃል። ስፔሱን አስቀድመህ ከያዝክ ግን ማጉያው ይመጣል። ይህቺን ለማወቅ አንድ ወር ፈጀብኝ።

አማርኛ መጻፍ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፓወር ግዕዝ ነበር የለመድኩት፣ ማክ ላይ ኪማን ጫንኩ። ሲጻፍ ጥሩ ነው። ግን አማርኛ ላይ ረስተኸው የፎቶሾፕን ማንቀሳቀሻ፣ ሙቭ ቱልን፣ ለማምጣት ቪን ብትጫን ምንም አይመጣም፣ እና ፕሮግራሙ የተበላሸ ይመስልሃል። ጽሑፍ እንደጨረስኩ የሉል ምልክት ያለባትን ቁልፍ ነክቼ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ልማድ አደረግኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከባነሩ ጥፋት በኋላ ተናድጄ ኮንትሮልንና ኮማንድን አቀያየርኳቸው። ማክ ይፈቅዳል፣ ሞዲፋየር ኪስ የሚባል ቦታ አለ። ሦስት ወር እንዲሁ ሠራሁ። ስህተት ነበር። ማክ ላይ ኮንትሮል የራሱ ሥራ አለው፤ ከክሊክ ጋር ሲያዝ የቀኝ ክሊክን ቦታ ይይዛል። የብሩሽ መጠን ለመቀየር ዊንዶውስ ላይ አልት ይዘህ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ትጎትታለህ፤ ማክ ላይ ኮንትሮልና ኦፕሽን ይዘህ በግራው ነው። ቁልፎቹን ስቀያይራቸው ይሄ ሁሉ ተመሰቃቀለ፣ የተማርኩት ሁሉ ከኔ ማሽን ውጭ የማይሠራ ሆነ።

በአራተኛው ወር ወደ ነበረበት መለስኩት። ያኔ ነው የገባኝ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል ጥግ ላይ ነው፣ ትንሿ ጣት ናት የምትሸከመው። ኮማንድ ከስፔሱ ጎን ነው፣ አውራ ጣት ይበቃዋል። እንደ ብራና ሐረግ ተጠላልፋ የተሳለችው ምልክቷ እዚያ የተቀመጠችው ለእጅ ታስቦ ይመስለኛል። የጥር ሠርግ ሲበዛ፣ ቀን ከሌት ስሠራ፣ ትንሿ ጣቴና የእጄ አንጓ ያመኝ ነበር። ዘንድሮ አላመመኝም። ለእኔ ከስክሪኑም ከፍጥነቱም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ሥራህ በአብዛኛው ኮርል ከሆነና ፋይል የምትቀባበላቸው ሰዎች ሁሉ ዊንዶውስ ላይ ከሆኑ ግን ባለህበት ቆይ። ኮርል ለማክ የተመለሰው 2019 ላይ ነው፣ እና ቢሠራም እጅህ የሚያውቀው የዊንዶውሱን ነው። እኛም ቤት አንድ የዊንዶውስ ማሽን አልሸጥነውም፤ ረዳቴ እሱ ላይ ነው የሚሠራው። እሱ ቦታ ስቀመጥ የዊንዶውስ ኪቦርድ ነው፣ እኔ ቦታ ስመለስ የማክ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጣቴ ይሳሳታል፣ ከዚያ ይስተካከላል።