ሳህን፣ ስሉስ ወይስ ዲቴክተር? ለወርቅ ፍለጋ ጀማሪ የሚሆን ንጽጽር

ዲቴክተር የሚሸጥበት ሱቅ ገብተው "ይሠራል ወይ?" ብለው ሲጠይቁ ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ያው አንድ ነገር ነው። የጣት ቀለበቱን ያወልቅና በኮይሉ፣ ማለትም ሽቦ በተጠመጠመበት የማሽኑ ጫፍ፣ ፊት ያሳልፈዋል። ማሽኑ ይጮኻል፣ ገዢው ይደሰታል፣ ሒሳቡም ይከፈላል። ቀለበት ግን ዝግ ክብ ነው። ከኮይሉ የሚወጣው የማግኔት ኃይል በክቡ ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደ ልቡ እንዲዞር ስለሚያደርግ ድምፁ ይጎላል። ያንኑ ያህል የሚመዝን ጥሬ ወርቅ፣ በተለይ ቀዳዳ የበዛበት ወይም ከነጭ ድንጋይ ጋር የተሰገሰገ ከሆነ፣ ያን ያህል አይጮኽም። ቀለበት ማንኛውም ርካሽ የብረት መፈለጊያ ያገኛል፤ የ0.2 ግራም ፍሬ የሚለይ ማሽን ግን ጥቂት ነው።

ከዋጋና ከስም በፊት ሁለት ጥያቄ ይመለስ፦ የሚሄዱበት ቦታ ወርቅ በምን መጠን ይወጣል? አፈሩስ ምን ዓይነት ነው? ዱቄት የሚያክለውን ወርቅ የትኛውም ዲቴክተር አያይም፣ የመቶ ሺዎች ብር ማሽንም ቢሆን። በዱቄት ወርቅ ቦታ አንድ ተራ ሳህን ያንን ማሽን ይበልጠዋል።

አዲስ አበባ ለመግዣ እንጂ ለመፈለጊያ አትሆንም። ከተማዋ ያረፈችው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው፤ የአገራችን ወርቅ ያለው ግን ከዚያ እጅግ በቀደሙት ድንጋዮች ውስጥ ነው፤ በሻኪሶና አዶላ፣ በአሶሳና ኩርሙክ፣ በወለጋ፣ በአኮቦ፣ በሽሬ አካባቢ። ቀበና ወንዝ ወርዶ አሸዋ ማጠብ ትርፉ የቆዳ በሽታ ነው። ወደ እነዚያ ቦታዎች የሚሄድ ሰውም ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ለኢትዮጵያውያን ብቻ የተተወና በክልሎች የሚሰጥ መሆኑን ከጉዞው በፊት ይወቅ። "ለመዝናናት ነው የመጣሁት" የሚል ሰበብ በወረዳው ማዕድን ቢሮ በር ላይ አይሠራም።

ሳህንና ገበቴ

የእንጨት ገበቴ በየወርቅ ቦታው የሚታይ፣ የቆየ መሣሪያ ነው። ዝርግ ሆኖ ወደ መሐሉ እየጎደጎደ የሚሄደው ይሻላል፣ ክብደት ያለው ነገር ሁሉ መሐል ላይ ይሰበሰባልና። ጉድለቱ ክብደቱ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ደቃቁን ወርቅ ይውጣል። ደረቅ ገበቴ ይዞ ሥራ መጀመር ስህተት ነው፤ ቀድሞ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፍ።

የፕላስቲክ ሳህን ባለ 35 ሴንቲ ሜትር (14 ኢንች) ለአዋቂ ይስማማል። 25 ሴንቲ ሜትሩ ለመጨረሻው ማጣሪያ ይሆናል። በአንድ ጎኑ ያሉት ጎድጓዳ መስመሮች ሪፍል ይባላሉ፤ ወርቁ ከአሸዋው ጋር እንዳይሾልክ ይይዙታል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ይምረጡ፤ በጥቁር ሳህን ላይ ከወርቁ ጋር የሚቀረው ከባዱ ጥቁር አሸዋ አይለይም። የብረት ሳህን አንመክርም። ይዝጋል፣ ጥቁሩን አሸዋ በማግኔት ሲለዩ ማግኔቱ ሳህኑ ላይ ይጣበቃል፣ በውስጡ የቀረውንም በዲቴክተር መፈተሽ አይቻልም።

አዲስ የፕላስቲክ ሳህን ከፋብሪካ ሲወጣ ቅባት አለው። ደቃቅ ወርቅ ቅባት ከነካው ውሃ ላይ ይንሳፈፍና ከነአረፋው ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠብ፣ በደቃቅ አሸዋም በደንብ ይፈተግ። ሲያጥቡ ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ማድረግም ይረዳል።

አጠባው እንዲህ ነው። ሳህኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል አፈር ይሙሉ፣ ውሃ ውስጥ ያስገቡ፣ ጭቃውን በእጅ እያሹ ያሟሙ። ብዙ ጀማሪ ወርቁን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ያልሟሟ የጭቃ እንክብል እየተንከባለለ ሲወጣ ወርቅ ለጥፎ ይወጣል። ትልልቁን ድንጋይ አጥበው ይጣሉ። ከዚያ ሳህኑን አግድም ይዘው ግራና ቀኝ ጠንከር አድርገው ያናውጡ፤ 19.3 እጥፍ የውሃ ክብደት ያለው ወርቅ 2.65 ብቻ ያለውን አሸዋ እየሰነጠቀ ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ላይኛውን አሸዋ ውሃው ይውሰደው፣ እንደገና ያናውጡ። ማናወጡን ትተው ማዘንበሉን ብቻ ካበዙ ወርቁ ሳይረጋ ይሄዳል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አሸዋ ሲቀር ያቁሙ፤ ያድርቁት፣ ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው ያሳልፉበት። ለዚህ ምናለሽ ተራ ከተጣለ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት ይበቃል።

እጅዎን ቤት ውስጥ መፈተን ይቻላል። ጎሚስታ ዘንድ ጎማ ማመጣጠኛ እርሳስ ያገኛሉ፤ በጥፍር የሚጫረውን ለስላሳውን ይምረጡ፣ ጠንካራው ሌላ ብረት ነው። በፒንሳ የስፒል ራስ የሚያካክሉ 10 ቁራጮች ቆርጠው በመዶሻ ጠፍጠፍ ያድርጉ። ከአንድ ሳህን የግንባታ አሸዋ ጋር ቀላቅለው በሳፋ ውሃ ውስጥ ይጠቡ፤ ሲጨርሱ ይቁጠሩ። እርሳስ 11.3 ነው፣ ከወርቅ ይቀላል፤ እርሳሱን 9 ወይም 10 ካስቀሩ ወርቁ አያመልጥዎትም። ከ8 በታች ከሆነ መኪና ተሳፍሮ ወደ ወርቅ ቦታ ለመሄድ ገና ነዎት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ቁራጮቹን ግን አይጣሉ፤ ዲቴክተር ሲገዙ ያስፈልጋሉ።

ስሉስ

ስሉስ በሚፈስ ውሃ ላይ የሚቀመጥ ረጅም ሳጥን ነው፤ ከታች ምንጣፍ፣ በላዩ አግዳሚ ሪፍሎች አሉት። የለመደ ሰው በሳህን በሰዓት 8 ወይም 10 ጊዜ ቢያጥብ፣ በስሉስ በባልዲ መቁጠር ይጀምራል። የሚታጠፍ የአሉሚኒየም ስሉስ ከውጭ ከማስመጣት ይልቅ ብረት ሠሪ ዘንድ 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 130 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ማሠራት ያዋጣል። ተዳፋቱ በ30 ሴንቲ ሜትር 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ሲበዛ ወርቁ ከአሸዋው ጋር ይጠረጋል፣ ሲያንስ ሪፍሎቹ በአሸዋ ይደፈናሉ። አፈሩ አስቀድሞ በ12 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋ። ውሃ በበጋ የሚደርቅበት ቦታ ከሆነ ግን ገንዘብዎን እዚህ ላይ አያውጡ። ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ ብሎ ሜርኩሪ የሚያቀብልዎት ካለ ደግሞ እምቢ ይበሉ፤ ሲሞቅ የሚወጣው እንፋሎት ነርቭን ይጎዳል።

ቪኤልኤፍና ፒአይ

ለወርቅ የሚሆኑ ዲቴክተሮች በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። ቪኤልኤፍ ሳያቋርጥ ሞገድ ይልካል፤ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ ብረትን ከሌላው ለመለየት ይሞክራል። ጉድለቱ አፈሩ ነው። ቀይና ብረት የበዛበት አፈር ራሱ ይጮኽበታል፣ ጥልቀቱም ያጥራል። ፒአይ በአንጻሩ ጠንካራ ምት ይልክና ቆም ብሎ መልሱን ያዳምጣል፤ የአፈሩ ድምፅ ቶሎ ስለሚጠፋ ከሥር ያለው ወርቅ ወይም ሌላ ብረት ይሰማል። ወደ ጥልቅ ይወርዳል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል፣ ሚስማርን ከወርቅ የመለየት ችሎታው ግን ደካማ ነው። ሰዎች ለዓመታት ሲቆፍሩበት በኖሩ ቦታ ፒአይ ይዞ መሄድ ማለት ሚስማር፣ ቆርኪና ቀለህ ሲቆፍሩ መዋል ነው። ጦርነት ባለፈባቸው አካባቢዎች ደግሞ ትልቅና ጥልቅ ድምፅ ያልፈነዳ ፈንጂ ሊሆን ስለሚችል አይቆፈርም። ትቶ መራቅና ማመልከት ነው።

ቪኤልኤፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ኪሎ ኸርዝ ነው፤ ሞገዱ በሰከንድ ስንት ሺህ ጊዜ እንደሚመላለስ ይናገራል። ከፍ ሲል ትንሹን ወርቅ ያያል፣ በዚያው ልክ በመጥፎ አፈር ይረበሻል።

ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል፤ አፈሩን ራሱ ያስተካክላል፣ 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ሁለት ኮይል ይዞ ይመጣል፤ ባለ 10 በ6 ኢንች እንቁላል ቅርጽና ባለ 5 ኢንች ክብ። በሚሞላው ባትሪ ወይም በ8 የሰዓት ድንጋይ (AA) ይሠራል፤ መብራት በሌለበት ቦታ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለጀማሪ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው።

ፊሸር ጎልድ በግ 2 (Gold Bug 2) በ71 ኪሎ ኸርዝ ከእነዚህ ሁሉ በላይ ትንሿን ፍሬ ይሰማል፤ በጥሩ ጆሮና በተረጋጋ አፈር የሩዝ ፍሬ ሩብ የምታክል ቁራጭ ያሳያል። ግን ስክሪን የለውም፣ የአፈር ማስተካከያው በእጅ ነው፣ በ2 ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ይሠራል። ትዕግሥት ለሌለው ሰው ይከብዳል፤ በቀይ አፈር ላይማ ያማርራል። ጋሬት ኤቲ ጎልድ 18 ኪሎ ኸርዝ ነው፤ እስከ 3 ሜትር ውሃ ይገባል፣ ለሳንቲምና ለጌጥ ደህና ነው፣ ለደቃቅ ወርቅ ግን ከሁለቱ ይቀንሳል።

ከፒአይ ወገን ማይንላብ ኤስዲሲ 2300 ይታጠፋል፣ እስከ 3 ሜትር ውሃ ይቋቋማል፣ በቀይ አፈር ላይ ትንንሹን በመያዝ የታወቀ ነው። ኮይሉ 8 ኢንች ስለሆነ ሰፊ ቦታ ለማሰስ ይዘገያል። የሚጠቀመው 4 መካከለኛ ድንጋይ (C) ነው፤ ከሰዓት ድንጋይ የሚወፍረው፣ ከትልቁ የቴፕ ድንጋይ የሚያንሰው። ይህን መጠን በየኪዮስኩ አይጠብቁት፣ የሚሞላውን ከነመለዋወጫው ይያዙ። ጂፒኤክስ 5000 ጠንካራና ጥልቅ ነው፤ ግን ባትሪው በጀርባ ይታዘላል፣ ማዞሪያው ብዙ ነው፣ ሳይማሩ ቢገዙት ግማሽ ኃይሉ እንደተኛ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጂፒኤክስ 6000 2.1 ኪሎ ግራም ብቻ ሆኖ አፈሩን ራሱ ይከታተላል፤ ከኪስ የተረፈ ካለ ምርጡ እሱ ነው። የፋብሪካ ዋጋው ከጎልድ ሞንስተር ከ5 እጥፍ በላይ ስለሆነ ከሳህን አጠባ ጥቂት ግራም ቆጥሮ ያላየ ሰው አይቸኩል።

በ100 ሜትር ርቀት ወርቅ ይጠቁማል እየተባለ የሚሸጥ፣ አንቴና የሚያወዛውዝ መሣሪያ በዚህ ንጽጽር ቦታ የለውም፤ በፊዚክስ ሕግ የሚቆምበት እግር የለውምና። ኤዲኢ 651 የተባለውን ተመሳሳይ ባለ አንቴና "ቦምብ መፈለጊያ" የሸጠው እንግሊዛዊ ጄምስ ማኮርሚክ እ.ኤ.አ. በ2013 10 ዓመት ተፈርዶበታል። ውስጡ ምንም የሚሠራ ነገር አልነበረም።

ሱቅ ውስጥ ሲፈትኑ

መሐል ከተማ ለዲቴክተር የከፋ ቦታ ነው። የወለሉ ፌሮ፣ የመብራቱ፣ የስታቢላይዘሩ፣ ከባቡር መስመሩ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ሁሉ ይረብሸዋል፤ ፒአይ ደግሞ ይብሳል። ሱቅ ውስጥ የሚንጫረር ማሽን ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ኮይሉን ከወለል አርቀው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ወንበር ላይ አግድም ያስቀምጡ። ሰዓት፣ ቀለበትና ስልክ 2 ሜትር ይራቁ። ካርቶን ላይ የለጠፉትን የእርሳስ ቁራጭ ከሩቅ ጀምረው ያሳልፉ፤ ከግራም ከቀኝም እየደጋገመ የሚሰማበትን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። ሁለተኛ ማሽን ካለ በዚያው ቁራጭ፣ በዚያው ቦታ ያወዳድሩ። ከዚያ ገመዱን ከኮይሉ ሥር ቀስ አድርገው ያነቃንቁ፣ ኮይሉንም በጣት መታ ያድርጉት። በዚህ ጊዜ የሚጮኽ ከሆነ የሽቦ መላላት አለው፤ ዋጋ ቢቀንሱም አይውሰዱ።

የጂፒኤክስ 5000 እና የጎልድ ሞንስተር ሐሰተኛ ቅጂዎች ይሸጣሉ። የማሽኑን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያመሳክሩ፣ ከመክፈልዎ በፊት ለአምራቹ ልከው ያረጋግጡ። በግማሽ ዋጋ "አዲስ፣ ያልተከፈተ" የሚባል ጂፒኤክስ ካጋጠመዎት መልሱ ያው የታወቀ ነው። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑንና ደረሰኙን ይጠይቁ፤ ከዱባይ በሰው ለማስመጣት ካሰቡም ዕቃው ቦሌ ከመድረሱ በፊት ጉምሩክን ይጠይቁ።

ማሽኑን ከገዙ በኋላ የሚቀረው ትንሽ ነገር ነው፤ 0.01 ግራም የሚለይ የኪስ ሚዛን፣ ጫፉ ላይ ማግኔት የተጣበቀበት መቆፈሪያና የፕላስቲክ ማንሻ። ማንሻው አይገዛም፤ ባለ 3 ሊትር የዘይት ጀሪካን በሰያፍ ቢቆረጥ ያው ነው። ድምፅ የሰጠውን አፈር ያነሱበታል፣ በኮይሉ ላይ ያሳልፉታል፣ ከጮኸ ግማሹን ወደ እጅ ይገለብጣሉ፣ የትኛው ግማሽ እንደሚጮኽ ይለያሉ፣ እንደገና ይከፍላሉ። ከ5 ወይም 6 ጊዜ በኋላ መዳፍዎ ላይ የሚቀረው አንድ ቁንጣሪ አፈር ነው፤ እሱን ሳህኑ ውስጥ አድርገው ውሃ ያፍስሱበት።