የፎቶን አድራሻ ከገጽ አድራሻ ለይቼ እንዳውቅ ላደረገችኝ የአራት ኪሎዋ ባለሙያ

ይህን የምስጋና ጽሑፍ የምጽፈው በአራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የኮምፒውተርና የኅትመት ቤት ለምትሠራ ወጣት ባለሙያ ነው። ስሟ በአደባባይ እንዳይነሳ ስለጠየቀችኝ ፈቃዷን አክብሬ አልጠቅሰውም፤ አገልግሎቷን የሚፈልግ ሰው ግን በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ ቤቱን በደስታ እጠቁማለሁ።

ለረጅም ዓመታት ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በሠፈራችን ያለ የአንድ ትምህርት ቤት የታሪክ ክበብ ለተማሪዎቹ ማጣቀሻ የሚሆን ሠንጠረዥ እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ሥራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን የአገራችንን ቦታዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከተመዘገቡት ከላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አንስቶ በ2024 እስከተመዘገበው የመልካ ቁንጡሬና የባልጪት ቅርስ ድረስ፣ 12ቱንም በጉግል ሺትስ (በኢንተርኔት በሚሠራው የጉግል የሠንጠረዥ ፕሮግራም) ላይ መደርደርና በየስማቸው አጠገብ አንድ አንድ ፎቶ ማስቀመጥ ነበር። ጽሑፉን በሦስት ቀን ጨረስኩት። ፎቶው ግን ሦስት ሳምንት አሰቃየኝ።

በሠንጠረዡ ላይ ፎቶ የሚያወጣው «ኢሜጅ» የተባለ ቀመር ሲሆን፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ የቀመሩ ስም፣ ከዚያም በቅንፍና በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ የፎቶው የኢንተርኔት አድራሻ ይገባበታል። ይህን ከክበቡ ኃላፊ ተምሬ ስለነበር የጎደለኝ አድራሻው ብቻ መሰለኝ። ዊኪሚዲያ ኮመንስ በተባለው የነጻ ፎቶዎች ማከማቻ ድረ ገጽ ላይ ያማሩ ፎቶዎች አገኘሁ፤ ከብሮውዘሩ አናት ላይ ያለውን አድራሻ ኮፒ እያደረግሁ በየሳጥኑ አስገባሁ፤ 12ቱም ሳጥን ባዶ ሆኖ ቀረ። ሌላ ቦታ ሄጄ (ስሙን አላነሳም) ለ12 ሊንክ 600 ብር ከፈልኩ፤ የተሰጡኝም እኔ ራሴ ኮፒ ያደረግኋቸው እነዚያው አድራሻዎች መሆናቸውን ቤቴ ገብቼ ሳመሳክር ደረስኩበት።

ወደዚህች ልጅ የሄድኩት ሠንጠረዡን ፎቶ ሳይኖረው አሳትሜ ለመገላገል ነበር። ወረቀቱን ከማተሟ በፊት ባዶዎቹን ሳጥኖች አየችና ምን እንደነበሩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አንዱን አድራሻ ከፍታ ለአፍታ ተመለከተችና «ጋሼ፣ እርስዎ የያዙት ፎቶው ያለበትን ገጽ አድራሻ ነው እንጂ የፎቶውን አይደለም» አለችኝ። እኔም በመምህር ግትርነት አድራሻው የሚያልቀው በጄፔግ መሆኑን ጣቴን ቀስሬ አሳየኋት፤ ጄፔግ ደግሞ የፎቶ ፋይል መሆኑን አላጣሁትም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በኮመንስ የእያንዳንዱ ፎቶ መግለጫ ገጽ አድራሻ በፎቶው ፋይል ስም ስለሚያልቅ መጨረሻው ጄፔግ ይሁን እንጂ፣ መሐል ላይ በእንግሊዝኛ «ፋይል» የሚል ቃል ከሁለት ነጥብ ጋር ይታይበታል፤ ያ ማለት ፎቶው፣ የአንሺው ስም፣ ፈቃዱና የተነሳበት ቀን በአንድነት የሰፈሩበት ሙሉ ገጽ ነው ማለት ነው። የፎቶው የራሱ አድራሻ «አፕሎድ» በሚል ቃል የሚጀምር ሌላ ነው። ልጅቷ የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ በማውሷ አንዴ ነካችው፤ ጽሑፉና ማውጫው ሁሉ ጠፍቶ በጥቁር መደብ ላይ ፎቶው ብቻውን ቀረ፤ አናት ላይ ያለው አድራሻም ተለወጠ። ያንን ኮፒ አድርጋ በሠንጠረዡ ላይ ስታስቀምጠው ያ ሦስት ሳምንት ባዶ የነበረ ሳጥን የላሊበላን መስቀል ይዞ ብቅ አለ። አልዋሽም፣ እንደ ልጅ ደስ አለኝ።

እኔ የቀሩትን 11 ራሷ ትሠራልኛለች፣ እኔም እከፍላለሁ ብዬ ነበር። እሷ ግን ወንበሯን ለቃ እኔን አስቀመጠችኝና ማውሱን ሰጠችኝ። ፎቶው ላይ ራይት ክሊክ ስደርግ ከሚወርደው ዝርዝር ውስጥ በክሮም «ኮፒ ኢሜጅ አድሬስ»፣ በፋየርፎክስ ደግሞ «ኮፒ ኢሜጅ ሊንክ» የሚለውን እንድመርጥ፣ ከአጠገቡ ካለው «ኮፒ ኢሜጅ» ጋርም እንዳላምታታው አስጠነቀቀችኝ፤ ይህኛው አድራሻውን ሳይሆን ፎቶውን ራሱን ነውና የሚቀዳው። ቀጥሎ ያስተማረችኝ ማረጋገጫ እስከ ዛሬ የምጠቀምበት ነው፦ የቀዱትን አድራሻ ኢንኮግኒቶ በሚባለው መስኮት ከፍተው ሲያዩት ፎቶው ብቻውን ከወጣ አድራሻው ትክክል ነው፤ ዙሪያውን ጽሑፍና ማውጫ ከከበበው ገጽ ነው፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ደግሞ ለእርስዎ ብቻ የሚከፈት እንጂ ለተማሪዎቹ የማይከፈት ነው። ኢንኮግኒቶ ያስፈለገበትም ምክንያት ይኸው ሦስተኛው ነው፤ በተለመደው መስኮት ቀድሞ የገቡበት አካውንት ስለሚኖር የተዘጋው በር የተከፈተ ይመስላል።

የጢያን ትክል ድንጋይ ፎቶ ከጉግል ፍለጋ ላይ በቀጥታ ልቀዳ ስሞክር አስቆመችኝና የቀዳሁትን እንድለጥፍ አደረገችኝ። የወጣው አድራሻ ሳይሆን «ዳታ» ብሎ የሚጀምር፣ ወደ ታች ብንወርድ ብንወርድ የማያልቅ የፊደልና የቁጥር ክምር ነበር። በፍለጋው ገጽ ላይ የሚደረደሩት ጥቃቅን ምስሎች ጉግል ለማሳያ ያህል ያሳነሳቸው ናቸውና፣ አንዱን ነክቶ በጎን የሚከፈተው ትልቁ ምስል እስኪጠራ መጠበቅ፣ ከተቻለም ፎቶው ወዳለበት ገጽ ገብቶ ከዚያ መቅዳት እንደሚሻል ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት የጢያን ሌላ ፎቶ ከአንድ ማኅበራዊ ገጽ ላይ ወስጄ አስቀምጬ ነበር፤ ሰይፎቹ በድንጋዩ ላይ ጎልተው የሚታዩበት ግሩም ፎቶ ነው። እሱ መጀመሪያ ሠርቶ ከቀናት በኋላ ጠፋብኝ። እንዲህ ያሉ አድራሻዎች የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜያቸው በውስጣቸው ተጽፎ እንደሚሰጡና ጊዜው ሲያልፍ እንደማይከፈቱ ነግራኝ በኮመንስ ፎቶ አስተካችኝ።

የፋሲል ግቢ ፎቶ ስም በአማርኛ የተጻፈ ነበር፤ አድራሻውን ቀድቼ ስለጥፈው ስሙ ወደ ፐርሰንት ምልክቶች፣ ቁጥሮችና የላቲን ፊደላት ተለውጦ ሲወጣ አበላሸሁት ብዬ ደነገጥኩ። የግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ በኮምፒውተር ውስጥ በሦስት ባይት (ባይት የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ ነው) እንደሚቀመጥ፣ በአድራሻ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት እንደሚጻፍ አስረዳችኝና «ጎንደር» የሚለውን አራት ፊደል አብረን ቆጠርነው፤ 36 ሆነ። እንደ ታሪክ መምህር ይህን የመሰለ ነገር በስልሳ ዓመት ዕድሜ ማወቄ ከፎቶው በላይ አስደስቶኛል። አድራሻው እንደዚያው እያለ በትክክል ሠራ።

በሠንጠረዡ ላይ ላስገባው የፈለግሁት አንድ ካርታ ግን አሻፈረኝ አለ። ኤስቪጂ የተባለው ዓይነት ፋይል ስለነበረ ነው፤ ቀመሩ ይህን ዓይነት አይቀበልም። ኮመንስ በገጹ ላይ የሚያሳየው ቅድመ እይታ ቀመሩ በሚቀበለው ፒኤንጂ በተባለ የምስል ፋይል ዓይነት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ፋይሉን ሳትከፍት እዚያው ገጹ ላይ እንዳለ ራይት ክሊክ አድርጋ የእሱን አድራሻ ቀዳች፤ ካርታውም ወጣ። ከዚህ ሌላ፣ ተማሪዎቹ ሠንጠረዡን በስልካቸው ዳታ ስለሚከፍቱት ከፎቶው ሥር ከተዘረዘሩት መጠኖች አነስተኛውን እንድመርጥ መከረችኝ። እኔ ትልቁ ይሻላል ብዬ ዋናውን ፋይል ነበር የምቀዳው።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር አለችብኝ፤ እኔም ስለዚህ ነው ይበልጥ ያከበርኳት። የአንሺውን ስምና የፈቃዱን ዓይነት ከፎቶው አጠገብ ሳልጽፍ ወደሚቀጥለው እንዳልፍ አልፈቀደችልኝም። ኮመንስ ፎቶዎቹን በአድራሻቸው ሌላ ቦታ ማሳየትን ይፈቅዳል፤ አብዛኛዎቹ ግን አንሺውን የመጥቀስ ግዴታ አለባቸው። የሌላ ድረ ገጽ ፎቶ በአድራሻው ማሳየት ደግሞ ተማሪው በከፈተው ቁጥር ያንን ድረ ገጽ ማስቸገር ስለሆነ ባለቤቱን መጠየቅ እንደሚገባ ነገረችኝ። በአገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል። አዋጁን እኔ አውቀው ነበር፤ ተግባራዊ ያደረገችው ግን እሷ ናት።

ኮምፒውተር ለሌላቸው የክበቡ አባላት የሚሆነውንም በወረቀት ጻፈችልኝ። በአንድሮይድ ስልክ ክሮም ላይ ፎቶውን ጫን አድርጎ መያዝ፣ ምስሉን በአዲስ ታብ የሚከፍተውን መምረጥ፣ ከዚያም ከአናት ላይ አድራሻውን መቅዳት ነው። ወረቀቱ አሁን በክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል።

ሁለት ሰዓት ሙሉ አብራኝ ከሠራች በኋላ የጠየቀችኝ የኮምፒውተሩን ሰዓትና የአንድ ገጽ ኅትመት ሒሳብ ብቻ ነው። ትርፍ ልሰጣት ብሞክር «ጋሼ፣ የሠሩት እርስዎ ነዎት» ብላ መለሰችልኝ። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት፣ ለመደብር ዝርዝር ወይም ለትምህርት ሥራ ፎቶን በአድራሻው ማስገባት ያስቸገራችሁ ሁሉ ወደ እሷ ብትሄዱ አትቆጩም። ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙ ተማሪዎች ስለሚሰለፉ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብትሄዱ ይመረጣል፤ ሠንጠረዣችሁን አስቀድማችሁ ለመክፈት የጉግል የይለፍ ቃላችሁን አስታውሱ፤ እኔ ረስቼው ግማሽ ሰዓት አባክኜባታለሁ።