ጓይ ሃናስ፦ የሃይዳ ሕዝብና የካናዳ መንግሥት በእኩልነት የሚያስተዳድሯቸው የደን ደሴቶች ጉብኝት

በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሃይዳዎች በሚኖሩባቸው የሃይዳ ጓይ ደሴቶች ደቡባዊ ክፍል ወደሚገኘው የጓይ ሃናስ ብሔራዊ ፓርክ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ የሚደረሰው በጀልባ ወይም ውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ብቻ ነው። እኛ የሄድነው በአስጎብኚ ድርጅት ጀልባ ሲሆን፣ ዋጋው ለቤተሰብ ከበድ ይላል። ያም ሆኖ ስለ ቦታው አያያዝና ስለ እንግዳ አቀባበሉ ያለኝ አስተያየት እጅግ በጎ ነው።

ወደ ፓርኩ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ገለጻ መከታተል ግዴታው ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ወደተመዘገበችውና ጥንታዊ የሃይዳ መንደር ወዳለባት ስጋንግ ጓይ ደሴት ስንቃረብ አስጎብኚያችን የሃይዳ ጠባቂዎችን ፈቃድ በሬዲዮ ጠየቀ፤ በአንድ ጊዜ ከ12 ሰው በላይ መውረድ ስለማይፈቀድም ቀድሞን የገባው ቡድን እስኪወጣ ባሕር ላይ ጠበቅን። አንዳንድ ተሳፋሪዎች ቅር ቢላቸውም መጠበቁ ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ተራችን ደርሶ ስንገባ ጥንታዊውን መንደር ያለ ግፊያና ያለ ጫጫታ ለማየት በቅተናልና። የእግር መንገዱ በነጭ የባሕር ዛጎል ተለይቷል፤ ከዚያ መውጣት አይቻልም። ከሴዳር ግንድ የተቀረጹት ዓምዶች ግራጫ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ ዘመዋል፣ በስንጥቃቸውም ሣርና ችግኝ በቅሏል። ያስጎበኘችን ወጣት ጠባቂ ዓምዶቹ በጊዜያቸው ወደ አፈር እንዲመለሱ መተዋቸው የሕዝቧ ፈቃድ መሆኑን ረጋ ብላ አስረዳችን፤ ለልጆቻችን ጥያቄም አንድ በአንድ መለሰች።

ይህ ሥርዓት እንዲሁ በችሮታ የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በዚያው በጓይ ሃናስ ውስጥ በምትገኘው ላየል ደሴት ያለው ጥንታዊ ደን ሲቆረጥ ሃይዳዎች መንገዱን ዘግተው ቆሙ፤ ሽማግሌዎችን ጨምሮ 72 ሰዎች ታሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የካናዳ መንግሥትና የሃይዳ ብሔር ምክር ቤት በተፈራረሙት ስምምነት ላይ ሁለቱም ወገኖች ስለ መሬቱ ባለቤትነት ያላቸውን የተለያየ አቋም ጎን ለጎን አስፍረው፣ ክርክሩ ሳይቋጭ ቦታውን አብረው ለመጠበቅ ተስማሙ። የሚያስተዳድረው ቦርድ ከሁለቱም በእኩል ቁጥር የተወከሉ አባላት ያሉት ሲሆን፣ የሚወስነውም በመግባባት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ደግሞ ዙሪያው ያለው ባሕር በጥበቃው ውስጥ ገብቷል። በእኔ እምነት የአገልግሎቱ ጥራት የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ የሚያስተናግድህ ሰው በአያቶቹ መንደር የቆመ ባለቤት ነው።

ጉድለት የምለው የአስጎብኚ ድርጅቱን የጊዜ አጠቃቀም ነው። በላየል ደሴት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የስምምነቱ 20ኛ ዓመት ሲከበር የቆመውንና ጎን ለጎን የቆሙ አምስት ሰዎች የተቀረጹበትን ዓምድ በጥድፊያ አይተን ተመለስን። ከጀልባ የሚወረደው በእርጥብ ድንጋይ ላይ በመሆኑም ጉልበታቸው ለደከመ ሰዎች አይመችም። ለመሄድ ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት በእያንዳንዱ መንደር ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆም ይጠይቅ፤ ማዕበል ጉዞውን ሊያዘገየው ስለሚችልም ከመመለሻ በረራው በፊት ትርፍ ቀን ይያዝ።